ጭንብሉን ያጠለቀው ማን ነው? ከጃፓኑ የአስማተኞች ቤተሰብ ድራማ ጀርባ

ልጅ ሳለን ዲሽ ባለው ጎረቤት ቤት ተሰብስበን «ፓወር ሬንጀርስ»ን ስናይ አንድ ነገር ግራ ያጋባኝ ነበር። ወጣቶቹ ቆመው የሚያወሩበት ከተማ ሌላ፣ ጭንብል አጥልቀው የሚዋጉበት ከተማ ሌላ ነው። የፀሐዩ ቀለም ይለወጣል። ከኋላ ያለው ሕንፃ ይለወጣል። ከሁሉ በላይ ጭንብሉን ያጠለቀው ሰው ሲናገር እጁንና አንገቱን የሚያንቀሳቅስበት መንገድ ከአንድ ደቂቃ በፊት ካየሁት ልጅ ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም። «ሰውዬው ሌላ ነው» ብል ማንም አልሰማኝም።

ሰውዬው በእርግጥም ሌላ ነበር። ከተማውም፣ አገሩም ሌላ። ፕሮዲውሰሩ ሃይም ሳባን በ1993 «ፓወር ሬንጀርስ»ን በአሜሪካ ሲያስጀምር የውጊያውን ትዕይንት የወሰደው ከአንድ ዓመት በፊት በጃፓን መታየት ከጀመረው «ጁሬንጀር» ከተባለ ሥራ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ፊታቸው የሚታየው ወጣቶች አሜሪካ ውስጥ ተቀረጹ፤ ጭንብል ያጠለቁት ግን ስማቸውን ማንም ያልነገረን ጃፓናውያን ነበሩ። «ጁሬንጀር» በ1975 የተጀመረ «ሱፐር ሴንታይ» የሚባል ረጅም ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ነው። ቶኤይ የተባለው የፊልም ኩባንያ ይሠራው፣ ቲቪ አሳሂ ያስተላልፈው፣ ባንዳይ አሻንጉሊቱን ይሸጥ ነበር። «ሴንታይ» የውጊያ ጓድ ማለት ነው። ከ1979 ወዲህ አንድም ዓመት ሳይዘለል አዲስ ጓድ፣ አዲስ ታሪክና አዲስ ጠላት ይዞ መጥቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ሰው፣ አምስት ቀለም።

ይህን አሁን የማነሣው ሰንሰለቱ ስለተቆረጠ ነው። 50ኛ ዓመቱ የተከበረበት 49ኛው ሥራ «ጎጁጀር» በየካቲት 2025 ጀመረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ ተከታታዩ በእሱ እንደሚቆምና ቦታውን በ1982 ከታየው «ጋባን» ስሙን የወረሰ ሌላ ሥራ እንደሚይዘው ተነገረ። ብዙው ወሬ ያተኮረው በሽያጭና በተመልካች ቁጥር ላይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ገጸ ባሕርያቱ የትም አይሄዱም፤ የኩባንያ ንብረት ናቸውና ነገም ይሸጣሉ። በየሳምንቱ ጭንብል እያጠለቁ፣ ጥቃቅን ከተማ እየገነቡና ድንጋይ ማውጫ ውስጥ እሳት እያስነሡ ሙያውን ከእጅ ወደ እጅ ያሻገሩት ሰዎች ግን ሥራው ከሌለ ሙያውን የሚያወርሱበት ቦታ የላቸውም። እነሱ ምን እንደሚሠሩ ለማየት ደግሞ አስማት የሞላበት አንድ ክፍል መፍታት ይበቃል።

የመረጥሁት የካቲት 13 ቀን 2005፣ እሑድ ጠዋት የተላለፈውን የ«ማጂሬንጀር» የመጀመሪያ ክፍል ነው። «ማጂሬንጀር» 29ኛው ሴንታይ ሲሆን 49 ክፍሎች አሉት። ታሪኩ የኦዙ ቤተሰብ ታሪክ ነው። አባት ከዓመታት በፊት ጠፍቷል፤ እናት ሚዩኪ አምስት ልጆች ለብቻዋ አሳድጋለች። ከምድር በታች ያለው የኢንፌርሺያ ሠራዊት በሩን ሰብሮ ሲወጣ እናትየው ነጭ ካባ የለበሰች አስማተኛ ሆና ትገኛለች። ለልጆቿ የሰጠቻቸው መሣሪያ ተንቀሳቃሽ ስልክ ነው፤ ቁጥር ይጫኑበታል፣ ድግምቱን ይናገራሉ፣ ስልኩም ተዘርግቶ የአስማት ዘንግ ይሆናል። አራቱ ሲለወጡ ትንሹ ልጅ ካይ ግን አይለወጥም። ቀዩ ቀለም የእሱ ነው፤ በሴንታይ ልማድ ቀዩ መሪ ነው፤ እዚህ ግን ድፍረቱ እስኪመጣ ድረስ ባዶ እጁን ይቆማል። እናቱ ዎልዛርድ በተባለ ባለ ጥሩር ፈረሰኛ ፊት ስትወድቅም ያያል። ፈረሰኛው የጠፋው አባታቸው መሆኑ የሚታወቀው ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

ለልጆች የተሠራ ነገር ይህን ያህል ከባድ ኀዘን ሲሸከም ማየት አሁንም ያስገርመኛል። ደግሞም ኀዘኑን የሚያሳየን ተዋናይ ፊት የለውም። ዎልዛርድ ከራስ ጥሩር የማይወጣ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ድምፁን የሰጠው ኢሶቤ ጹቶሙ ኋላ አባትየውን በገሃድ ፊቱ ተጫውቶታል፤ ጥሩሩን ለብሶ የቆመው ግን ሌላ ሰው ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ በሁለት ሰው ይሠራል ማለት ነው፤ በአንዱ ድምፅ፣ በሌላው አካል።

ቶኤይ ውስጥ ይህ አሠራር ሥር እንዲሰድ ያደረገው አንድ አደጋ ነው። ሚያዝያ 1971 «ካሜን ራይደር» የተባለው የቶኤይ ጀግና ሲጀመር ዋናው ተዋናይ ፉጂዮካ ሂሮሺ ልብሱንም ጭንብሉንም ራሱ ይለብስ፣ ሞተር ብስክሌቱንም ራሱ ይነዳ ነበር። ገና ጥቂት ክፍሎች እንደተቀረጹ ከሞተር ላይ ወድቆ እግሩ ክፉኛ ተሰበረ። ፕሮግራሙ በየሳምንቱ መተላለፍ ነበረበት። አዘጋጆቹ ቀድሞ የተቀረጸውን የፊቱን ምስል እየቀጣጠሉ፣ ጭንብሉን ለሌላ ሰው እያለበሱ ቀናት ገፉ። በመጨረሻም ሳሳኪ ታኬሺን ሁለተኛው ራይደር አድርገው አመጡ። እጅን ዘርግቶ «ሄንሺን!» ብሎ መለወጥም የተለመደው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ፊቱ የሚታየው ተዋናይ ሌላ፣ የሚዋጋው ሌላ እየሆነ ሄደ። ጭንብሉ ኩባንያውን ከኪሳራ አዳነው፤ ጭንብል የሚያጠልቀውን ሰው ግን ከተመልካች ዓይን ሰወረው።

ለዚህ ሥራ ሰው ያፈራው ትልቁ ቤት ተዋናዩ ቺባ ሺንኢቺ በ1970 ያቋቋመው የጃፓን አክሽን ክለብ ነው፤ ከ2001 ጀምሮ ስሙ ጃፓን አክሽን ኢንተርፕራይዝ ተብሏል። ወጣቶች እዚያ ገብተው መውደቅን፣ መገልበጥን፣ ሰይፍ አያያዝን ይማራሉ። መጀመሪያ በቡድን የሚወድቁትን ስም የለሽ የጠላት ወታደሮች ይጫወታሉ፤ ከዚያ ጭራቅ ይሆናሉ፤ ዕድልና ችሎታ ያለው አንድ ቀን ቀለም ያለው ልብስ ይሰጠዋል። ከሴንታይ መጀመሪያዎቹ ዓመታት አንሥቶ እስከ 1990ዎቹ መግቢያ ድረስ ቀዩን ልብስ ዓመት ከዓመት የለበሰው ኒይቦሪ ካዙኦ ነው። በ«ማጂሬንጀር» ቀዩን የለበሰው ፉኩዛዋ ሂሮፉሚ ሲሆን እሱም በኋላ የውጊያ ትዕይንቶች ዳይሬክተር ሆኗል። ታካኢዋ ሴይጂ ደግሞ ከ2001 እስከ 2019 ድረስ፣ አንድ ሥራ ብቻ ሲቀር፣ ዋናውን ካሜን ራይደር ተጫውቷል፤ በ2012 የተጀመረው ቀለበት የሚያደርገው አስማተኛ ራይደር «ዊዛርድ»ም እሱ ነው። ሃቺሱካ ዩዊቺ ወንድ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት የሴት ጀግኖችን ልብስ በመልበስ ይታወቃል። ልጆች «ሮዟ ጀግና» ብለው የሚወዷት ብዙ ጊዜ የእሱ አረማመድ፣ የእሱ የትከሻ አያያዝ ነበር።

ጭንብሉ ጠንካራ ነው፤ ከንፈር የለው፣ ቅንድብ የለው። ለቅርብ ቀረጻ የሚሆነው ራስ ቁር በጥንቃቄ የተወለወለ ነው፤ ለውጊያ የሚሆነው አደጋን የሚችል ነው። የሁለቱም የማያ ቀዳዳ ጠባብ ነው፣ ትንፋሽ ያጉመዋል፣ በበጋ ውስጡ ምድጃ ነው። በዚህ ሁኔታ ኀዘን እንዴት ይታያል? ጃፓን ለዚህ መልስ የነበራት ቴሌቪዥን ከመፈልሰፉ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። ኖህ በተባለው ጥንታዊ ተውኔት ከእንጨት የተጠረበውን ጭንብል ወደ ላይ ቀና ማድረግ «ማብራት»፣ ወደ ታች ማዘንበል «ማዳመን» ይባላል። ያው አንድ ጭንብል ቀና ሲል ፈገግ ያለ ይመስላል፤ ሲያዘነብል ጥላ ያርፍበትና ያለቀሰ ይመስላል። ሴንታይ ውስጥም ያው ነው። ቀዩ ጀግና እናቱን ሲያስብ አገጩ በሁለት ጣት ያህል ዝቅ ይላል፤ መብራት ያዡም ያንን ጥላ ጠብቆ ያበራል። ለካይ የተመረጠው ወጣት ተዋናይ ሃሺሞቶ አጹሺ እንዴት እንደሚቆም፣ ሲናደድ እጁን ምን እንደሚያደርግ ከጭንብሉ ሥር ያለው ሰው ማጥናት አለበት። ልጅ ሆኜ ያስተዋልሁት አለመጣጣም የመጣው አሜሪካ ውስጥ ይህ ጥናት ስላልነበረ ነው፤ የጃፓኑ አካል የተጠናው ለሌላ ሰው ነበር።

ስለ ድምፅም ላንሣ። በፊልም ይቀረጽ በነበረበት ዘመን ሴንታይ ቦታው ላይ ድምፅ አይቀዳም ነበር፤ «ማጂሬንጀር»ም በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም የተቀረጸ ነው። የአምስቱ ወንድማማቾችና እህትማማቾች ንግግር ሁሉ፣ ፊታቸው የሚታይበትም ሳይቀር፣ በኋላ ስቱዲዮ ገብተው ምስሉን እያዩ የገጠሙት ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ሲጀምር የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ስናይ ከንፈርና ቃል የማገጣጠምን ጣጣ ሁላችንም አየነው። እዚህ ግን ወጣቶቹ የራሳቸውን ከንፈር ይከተላሉ፤ ጭንብሉ ከተጠለቀ በኋላ ደግሞ የሌላውን ሰው ትንፋሽ፣ የሌላውን ሰው ምት ይከተላሉ። ሲመታ የሚያቃስተው አንዱ፣ የተመታው ሌላው ነው።

ከዚያ አስማቱ ይመጣል። በአማርኛ «አስማት» የምንለው ቃል በግዕዝ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ነው፤ አስማት መድገም ማለት ስም መጥራት ማለት ነበር። «ማጂሬንጀር» ውስጥም ኃይሉ ያለው በመጥራት ነው፤ ድግምቱ ካልተነገረ ስልኩ ስልክ ብቻ ነው። አምስቱ ሲሰለፉም እያንዳንዳቸው ስማቸውንና የኃይላቸውን ምንጭ እየጠሩ ቦታቸውን ይይዛሉ፤ ከኋላቸው ቀለም ያለው ጢስ ይፈነዳል። ጠላት ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ይህን «ሞኝነት ነው» የሚሉ ብዙ ሰዎች ሰምቻለሁ። የፉከራን ወግ ለሚያውቅ ሰው ግን ከቶ እንግዳ አይደለም። የእኛ ጀግና «ዘራፍ!» ብሎ የአባቱን ስም፣ የፈረሱን ስም፣ የጣለውን ሲቆጥር ሰው ዝም ብሎ ይሰማዋል፤ ፉከራው ከውጊያው የተለየ ትርፍ ነገር አይደለም። ጃፓኖች ይህን «ናኖሪ» ይሉታል፣ ስም መናገር። በ1862 ኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ) ውስጥ በታየ፣ ካቡኪ በሚባል አንድ ባህላዊ ተውኔት ላይ አምስት ሌቦች ወንዝ ዳር ተሰልፈው በየተራ ማንነታቸውን ይናገራሉ፤ የአምስቱ ቀለማት ጀግኖች አሰላለፍ ከዚያ መምጣቱን ብዙዎች ይስማሙበታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያሳዝነኛል። ታሪኩ በሙሉ ስም በመጥራት ላይ የቆመ ሆኖ፣ ያንን ስም በአካሉ የሚጠራው ሰው ስም ግን ተድበስብሷል። በክፍሉ መጨረሻ ላይ በሚወጣው ዝርዝር የተዋጊዎቹ ስም በአንድ ላይ ይሰፍራል፤ ማን የትኛውን እንደለበሰ ግን በአብዛኛው አይጻፍም። ምክንያቱ ይገባኛል፤ የልጆቹን ሕልም ላለመስበር ነው። ነገር ግን ልጅ ሁሉ ያድጋል፤ ካደገ በኋላ ማንን እንዳደነቀ የማወቅ መብት አለው።

ወደ ግዙፎቹ እንሂድ። በ«ማጂሬንጀር» ልጆቹ ራሳቸው በአስማት ግዙፍ ይሆናሉ፤ ከዚያም ተጋጥመው ማጂኪንግ የሚባል አንድ ፍጡር ይሆናሉ። ይህን ክፍል የሚቀርጸው ሌላ ቡድን ነው፤ ሌላ ዳይሬክተር፣ ሌላ ስቱዲዮ። ቡድኑ ያጂማ ኖቡኦ በ1965 ያቋቋመው «ቶኩሳትሱ ኬንኪዩጆ» ሲሆን ቡጹዳ ሂሮሺ ከ1990 ጀምሮ የሴንታይን ግዙፍ ትዕይንቶች እየመራ ኖሯል። «ቶኩሳትሱ» የሚለው ቃል ልዩ ቀረጻ ማለት ነው፤ ዛሬ የዚህ ዓይነት ሥራ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል።

ግዙፍ ነገር ግዙፍ መስሎ እንዲታይ የሚያደርገው መጠኑ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ጊዜ ነው። ከእውነተኛው 25 እጥፍ ያነሰ ሕንፃ ተሠርቶ ሲፈርስ ፍርስራሹ መሬት የሚደርሰው በጣም ቶሎ ነው፤ ዓይናችን ያንን ፍጥነት አይቶ «አሻንጉሊት ነው» ይላል። የመውደቂያ ጊዜ ከከፍታው ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚሄድ 25 እጥፍ ያነሰ ሕንፃ በአምስት እጥፍ ፈጥኖ ይፈርሳል። ስለዚህ ካሜራው በሰከንድ 24 ምስል ማንሣቱን ትቶ 120 ያነሣል፤ በተለመደው ፍጥነት ሲታይ ፍርስራሹ እንደ እውነተኛ ሕንፃ ክብደት ኖሮት ይወርዳል። ጣጣው በልብሱ ውስጥ ያለው ሰው ላይ ነው። ማጂኪንግ በማያው ላይ ቀስ ብሎ አንድ እርምጃ እንዲራመድ ከባዱን ልብስ የተሸከመው ሰው በተቃራኒው ፈጠን ማለት አለበት፤ ግን ከመጠን በላይ ከፈጠነ ክብደቱ ይጠፋል። ይህን ልኬት በእግሩ የሚያውቅ ሰው ለማፍራት ዓመታት ይፈጃል። ኩሳካ ሂዴአኪ የሴንታይን ሮቦቶች ከሁሉ በላይ የተሸከመ ሰው ነው፤ ጀግኖቹ በየዓመቱ ሲለወጡ ልብሱን የሚሸከመው እሱ አልተለወጠም።

ውኃና እሳት ደግሞ መጠን አያውቁም። ሕንፃን ማሳነስ ይቻላል፤ የውኃን ጠብታ ማሳነስ አይቻልም። በዚህ የተነሣ ነው በአሮጌ ሥራዎች ባሕሩ ሁልጊዜ ገንዳ የሚመስለው፣ ኮምፒውተርም ቀድሞ የገባው በዚህ በኩል ነው። «ማጂሬንጀር» መሸጋገሪያው ላይ የቆመ ሥራ ነው፤ የመጋጠሙ ትዕይንት በኮምፒውተር፣ የሚዋጋው አካል ግን በሰው። የመጋጠሙና የመለወጡ ትዕይንቶች አንዴ በደንብ ተሠርተው በየክፍሉ ይደገማሉ፤ ባለሙያዎቹ «ባንክ» ይሉታል፣ ተቀምጦ የሚወጣ ገንዘብ እንደማለት። ተመልካቹ ልጅ ድግግሞሹን ይወደዋል፤ አዘጋጁም ሁለት ቀን ቀረጻ ይተርፈዋል።

ሁለት ቀን ትልቅ ነገር ነው። አንድ ዳይሬክተር በተለምዶ ሁለት ክፍል አንድ ላይ ተረክቦ በሁለት ሳምንት ገደማ ይቀርጻል፤ ሌላው ዳይሬክተር ከኋላው ቀጣዩን ያዘጋጃል። ዓመቱን ሙሉ ይህ መንኰራኵር አይቆምም። የቤት ውስጡ ትዕይንት በቶኪዮ ኔሪማ ወረዳ፣ ኦይዙሚ ባለው የቶኤይ ስቱዲዮ ይቀረጻል። ጀግኖቹ የሚዋጉበት ያ ሁልጊዜ የምናየው ገላጣ ገደል ብዙ ጊዜ በቶቺጊ ያለው ኢዋፉኔ ነው፤ ዱሮ ድንጋይ ይፈለጥበት የነበረ ተራራ፣ ሰፈር የራቀው፣ ፍንዳታ የሚችል። የእሳቱ ነበልባል ቤንዚን ነው፤ ወደ ሰማይ የሚመዘዘው ግራጫ ጢስ የሲሚንቶ ዱቄት ነው። ተዋጊው የሚሮጥበት መስመር አስቀድሞ ይለካል፤ ባለ ፈንጂው ቁልፉን የሚጫነው የሯጩን እግር እየቆጠረ ነው። ካባ ለብሶ፣ በዚያ ጠባብ ቀዳዳ እያየ፣ ከኋላው እሳት ሲነሣ ወደ ኋላ ሳያይ መሮጥ፤ ለእኔ ከአስማቱ ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው።

ይህን ሁሉ የሚከፍለው ማን ነው? አሻንጉሊቱ። ይህን በንቀት ማለት አልፈልግም፤ አሻንጉሊት ባይኖር ይህ ሙያ 50 ዓመት አይኖርም ነበር። ነገር ግን ገንዘቡ ታሪኩን እንደሚመራም መታወቅ አለበት። በ1978 ቶኤይ በሠራው የጃፓን ስፓይደርማን ውስጥ ግዙፍ ሮቦት ገባ፤ አሻንጉሊቱ ተሸጠ፤ በቀጣዩ ዓመት «ባትል ፊቨር ጄ» ሮቦቱን ወደ ሴንታይ አመጣው፤ ከዚያ በኋላ ሮቦት ያልነበረበት ዓመት የለም። (በነገራችን ላይ በዚያ ሥራ ከአምስቱ አንዱ «ባትል ኬንያ» ይባል ነበር። ኋላ የመጀመሪያውን ጋባን የተጫወተው ኦባ ኬንጂ ነው የተጫወተው። ጎረቤታችንን ወክሎ የቆመው ጀግና የጫካና የአውሬ ሰው ብቻ ተደርጎ መሳሉን ስመለከት፣ በዚያ ዘመን አፍሪካ በሩቅ እንዴት ትታይ እንደነበር ይታወቀኛል፤ ደስ አይልም።) የማጂሬንጀር ስልክም ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2005 እያንዳንዱ የጃፓን ልጅ የሚመኘው የታላቁን ታጣፊ ስልክ ነበር፤ የአስማት ዘንጉ ስልክ የሆነው ከዚያ ነው። የአሻንጉሊቱ ንድፍ ከስርጭቱ ብዙ ወራት ቀድሞ ማለቅ አለበትና ደራሲው ብዕሩን ሲያነሣ የሚጠበቁበት ነገሮች ቀድመው ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ በዓመቱ አጋማሽ አዲስ ጀግና፣ ወደ ገና አዲስ መሣሪያ። ጥሩ ደራሲ ይህን ግዴታ ወደ ስሜት ይቀይረዋል። የ«ማጂሬንጀር» ዋና ደራሲ ማኤካዋ አጹሺ አዲስ ድግምት የሚገኘው ልጆቹ አንድ ድፍረት ሲያሳዩ ብቻ እንዲሆን አድርጓል፤ ሻጩ አዲስ ዕቃ አገኘ፣ ልጁም ዕቃው በምን እንደሚገኝ አየ። ይህን ዓይነት ብልኀት አከብረዋለሁ።

ያ ሒሳብ ነው አሁን የተናጋው። ባንዳይ ናምኮ በሚያወጣው ሪፖርት የካሜን ራይደር ገቢ ከሴንታይ ብዙ እጥፍ ነው። ምክንያቱ አንዱ አዋቂ ገዢ ነው፤ ራይደርን ልጅ ሆኖ ያየ ሰው አድጎ ጀግናው የሚለወጥበትን ውድ ቀበቶ ይገዛል፤ አምስት ጀግናና አምስት ሮቦት የሚሸጠው ሴንታይ ግን ገበያው በአብዛኛው ትንንሽ ልጆች ናቸው፤ ጃፓን ውስጥ ደግሞ የሚወለደው ልጅ ዓመት ከዓመት እየቀነሰ ነው። የውጭው ገቢም ደርቋል። ሃስብሮ «ፓወር ሬንጀርስ»ን በ2018 በ522 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2023 የወጣው የመጨረሻው ሥራ ግን የጃፓኑን ልብስ ትቶ የራሱን ልብስ አሰፋ፤ ከዚያም ቆመ። አምስት ጀግና ማልበስ፣ በየሳምንቱ ሁለት ቡድን ማሰማራትና ሮቦት መሥራት ውድ ነው። ውድ ነገር ሲቆም ማንም አይደነቅም፤ እኔም ኩባንያውን በዚህ አልከስም። የምጠይቀው ግን ከኒይቦሪ ወደ ፉኩዛዋ፣ ከፉኩዛዋ ወደ ተከታዮቹ የተሻገረው ነገር የሚሻገርበት ቦታ ነው። በፉኩሺማ፣ በሱካጋዋ ከተማ፣ የ«ጎድዚላ»ን ልዩ ቀረጻ የመሩት ጹቡራያ ኤይጂ በተወለዱባት፣ በ2020 ማኅደር ተከፍቶ ጥቃቅኖቹ ሕንፃዎች፣ መርከቦችና አውሮፕላኖች ከመጣል ድነዋል። ለመደርደሪያ ይህ በቂ ነው። 120 ምስል በሰከንድ የሚያነሣ ካሜራ ፊት እንዴት እንደሚራመዱ ግን የሚማሩት ሳምንታዊ ሥራ ሲኖር ነው፤ መጀመሪያ ስም የለሽ ወታደር ሆነው እየወደቁ። ካሜን ራይደር አለ፣ አዲሱ ጋባን አለ፤ ግን በአንድ ጊዜ አምስት ሰው የሚያሠለጥነው መስክ ጠቧል።

አሁን ወደ ጎረቤታችን ቤት ልመለስ። በዚያ ቴሌቪዥን ላይ ጭንብል ሳታደርግ ከጃፓኑ ምስል በቀጥታ ወደ እኛ የደረሰች አንዲት ሴት ነበረች፤ ጨረቃ ላይ ሆና የምትጮኸው ጠንቋይ፣ ቀንድ የመሰለ የራስ ጌጥ ያላት፣ በትር የያዘች። አሜሪካኖቹ ሪታ ብለዋታል። በጃፓኑ «ጁሬንጀር» ስሟ ባንዶራ ነው፤ የተጫወተችው ሶጋ ማቺኮ ናት፣ በ1980 በ«ደንጂማን» ንግሥት ሄድሪያንን ሆና ልጆችን ያስፈራች አንጋፋ ተዋናይት። እኛ የሰማነው ድምፅ የአሜሪካዊት ነበር፤ ያየነው ፊት፣ ያ የዓይን አወጣጥ፣ ያ በሣቅ የሚንቀጠቀጥ ትከሻ ግን የሶጋ ነው። ስሟን አላወቅንም።

ሶጋ «ማጂሬንጀር» ውስጥም አለች። በዚህ ጊዜ ክፉ አይደለችም፤ ማጂኤል፣ የሰማይ ቅዱሳን አስማተኞች የበላይ ናት። ለአሥርት ዓመታት ጠንቋይ ስትሆን ያዩዋትን ሴት አዘጋጆቹ በአስማተኞቹ ሁሉ ራስ ላይ አስቀመጧት። ሥራው የካቲት 2006 አለቀ። ግንቦት 7 ቀን 2006 በ68 ዓመቷ አረፈች።

በዚያው ዓመት «ማጂሬንጀር» በኒውዚላንድ «ፓወር ሬንጀርስ ሚስቲክ ፎርስ» ሆኖ ይሠራ ነበር። ብዙ ነገር ተለውጧል፤ አምስቱ ወንድምና እህት መሆናቸው ቀርቷል፤ የኦዙ ቤት ሐዘን በሌላ ታሪክ ተተክቷል። መጨረሻው ላይ ግን አዘጋጆቹ የማጂኤልን ምስል አመጡና ይህች ከብዙ ዓመታት በፊት የምናውቃት ሪታ ናት፣ አሁን መልካም ሆናለች አሉ። ድምፁ አሁንም የሌላ ሴት ነው። ክፍሉ ሲያበቃ ግን በማያው ላይ ለመታሰቢያዋ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ወጣ፤ በእሱም ላይ ስሟ፦ ማቺኮ ሶጋ፣ 1938–2006።